ወደ ፊት የተቀሰረ ክንፍ ለገዢው ምን ሰጠ? የሀንሳ ጄት ግምገማ

ክንፎቻቸው ወደ ጭራ ሳይሆን ወደ አፍንጫ የተቀሰሩ ጄቶች አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ተሠርተው፣ በጥቂት አብራሪዎች እጅ ተፈትነው፣ መረጃቸው ከተሰበሰበ በኋላ የቆሙ የሙከራ አውሮፕላኖች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በተከታታይ ተመርቶ መግዛት ለሚችል ደንበኛ ሁሉ የቀረበ የሲቪል ጄት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሃምቡርገር ፍሉግሶይግባው የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው ኤችኤፍቢ 320 ሀንሳ ጄት ነው። ስለዚህ ይህን እንግዳ የክንፍ ቅርጽ እንደ ሸቀጥ፣ ማለትም ለከፈለበት ሰው ምን እንደ ሰጠውና ምን እንዳስከፈለው ለመመዘን የሚያመቸው ከሁሉም በላይ ሀንሳ ጄት ነው። በዚህ ግምገማ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤፕሪል 21 ቀን 1964 ነው። ርዝመቱ 16.6 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ያለው ስፋቱ 14.5 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሲነሣ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 9,200 ኪሎ ግራም ነበር። በአካሉ ኋለኛ ክፍል ግራና ቀኝ የተሰቀሉት ሁለት ሞተሮች የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲጄ610 ናቸው። በእያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ላይ የነዳጅ ታንከር ተገጥሟል፤ የጭራው አግድም ክንፍም በቀጥ ያለው ጭራ አናት ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ይመስላል። ምርቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ በጠቅላላው የተሠሩት 47 ብቻ ነበሩ። ከቅርጹ ሁሉ ዓይን የሚይዘው ግን በ15 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት የተቀሰረው ክንፍ ነው፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው ክንፉ በስህተት ተገልብጦ የተገጠመ ሊመስለው ይችላል።

ይህ ቅርጽ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለግምገማው ዋና ነገር ስለሆነ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የሀንሳ ጄት ዋና ነዳፊ ሃንስ ቮከ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ዩንከርስ ዩ 287 የተባለውን የጄት ቦምብ ጣይ የነደፈ መሐንዲስ ነው። የዚያ አውሮፕላን የመጀመሪያ ናሙና በኦገስት 1944 የበረረ ሲሆን፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ከተለያዩ አውሮፕላኖች አካላት የተገጣጠመ ነበር፤ ገላው ከሄንከል 177፣ የፊት ጎማዎቹም ተመትቶ ከወደቀ የአሜሪካ ቢ-24 ቦምብ ጣይ የተወሰዱ ነበሩ። ቮከ ክንፉን ወደ ፊት የቀሰረው ስለ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ የዘመኑ የጄት ሞተሮች ለአብራሪው ትእዛዝ የሚሰጡት ምላሽ ዘገምተኛ ስለነበር፣ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ በዝቅተኛ ፍጥነት ለአብራሪው በደንብ እንዲታዘዝ መፈለጉ ነው። ሁለተኛው፣ የክንፉ ተሸካሚ ከገላው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ከፊቱ አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ የቦምብ ክፍል ማግኘት መቻሉ ነው። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ ቦምቡ በመንገደኛ ተተክቶ ተመልሶ መጥቷል።

የሀንሳ ጄት ትልቁ በጎነት የተሳፋሪው ክፍል ነው። በትንንሽ ጄቶች ላይ ግራና ቀኝ ክንፎችን አያይዞ የአውሮፕላኑን ክብደት የሚሸከመው አግዳሚ ብረት በሆነ ቦታ ገላውን ማቋረጥ አለበት። ከወለሉ በታች ቢያልፍ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከጣሪያው በላይ ቢያልፍ የቁመት ቦታ ይሻማል፤ በመካከል ቢያልፍ ደግሞ መንገደኛው በጉልበቱና በወገቡ መካከል የብረት አጥር ይገጥመዋል። ቮከ ክንፉን በገላው ወገብ ላይ ካያያዘው በኋላ አግዳሚውን ከተሳፋሪው ክፍል ጀርባ አሳለፈው። ውጤቱም ከበሩ እስከ መጨረሻው መቀመጫ ድረስ እንቅፋት የሌለው፣ ከ7 እስከ 12 ሰው የሚይዝና በዘመኑ ከነበሩት አነስተኛ ጄቶች አንጻር ሰፊ ሊባል የሚገባው ክፍል ሆነ። አብዛኞቹ መንገደኞችም ከክንፉ ሥር፣ ማለትም ክንፉ ከገላው ጋር ከሚያያዝበት ቦታ፣ ወደ ፊት ስለሚቀመጡ፣ በመስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ ክንፍ አይጋርዳቸውም።

ነገር ግን አግዳሚው ወደ ኋላ ከሄደ ክንፉ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ወደ ላይ የሚያነሣው የአየር ኃይል የሚያርፍበት ቦታም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አውሮፕላን ሚዛኑን ጠብቆ የሚበረው ይህ ቦታ ከክብደቱ ማዕከል አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የክንፉ ሥር ከካቢኑ ጀርባ ተተክሎ ጫፎቹ ወደ ፊት ሲቀሰሩ፣ የማንሻው ኃይል አማካይ ቦታ እንደገና ወደ ክብደቱ ማዕከል ይመለሳል። በእኔ ግምት ይህ እጅግ ያማረ አስተሳሰብ ነው። ቅርጹ ለማስገረም የተመረጠ ሳይሆን፣ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ከማክበር የመነጨ ነው።

የዚህ ውበት ዋጋ የሚከፈለው በክንፉ ጥንካሬ ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ባንዲራን ማሰብ ይበቃል። ባንዲራ ከእንጨቱ ጀርባ በነፋሱ አቅጣጫ ሲውለበለብ ያለ ማንም እርዳታ መስመሩን ይይዛል፤ እንጨቱን ከኋላ፣ ጨርቁን ከፊት አድርጎ ወደ ነፋሱ መግፋት ግን አይቻልም፤ ጨርቁ ገና ትንሽ ዘንበል ሲል ነፋሱ ይዞት ይገለብጠዋል። ወደ ኋላ ያፈገፈገ ክንፍ እንደ መጀመሪያው ባንዲራ ነው። ነፋስ መትቶት ወደ ላይ ሲታጠፍ፣ ከቅርጹ የተነሣ የጫፉ ፊተኛ ጠርዝ ዝቅ ይላል፤ ጫፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ይቀንሳል፤ ጭነቱም ራሱን በራሱ ያቃልላል። ወደ ፊት የተቀሰረው ክንፍ ሲታጠፍ ግን የጫፉ ፊተኛ ጠርዝ ወደ ላይ ይጠማዘዛል። ማዕዘኑ ሲጨምር የማንሻው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይሉ ሲጨምር ክንፉ የበለጠ ይታጠፋል፤ የበለጠ ሲታጠፍ የበለጠ ይጠማዘዛል። በዝቅተኛ ፍጥነት የብረቱ ግትርነት ይህን ዑደት ያስቆመዋል። ፍጥነቱ ከአንድ ገደብ ካለፈ ግን የአየሩ ኃይል ከብረቱ ግትርነት ይበልጥና ክንፉ ከሥሩ እስኪሰበር ድረስ መጠማዘዙ አይቆምም። በዩ 287 የሙከራ በረራዎች ላይም የክንፉ ከመጠን በላይ መጣመም ገና ከጅምሩ ታይቷል።

ለዚህ በ1960ዎቹ የነበረው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ብረት መጨመር። ሀንሳ ጄት የተቀሰረበት ማዕዘን 15 ዲግሪ ብቻ መሆኑና ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበር መሆኑ ችግሩን ሊቻል በሚችል ደረጃ ያዘው እንጂ አላጠፋውም። ገዢው ይህን የሚያየው በክብደቱ ላይ ነው። ከሀንሳ ጄት ስድስት ወር ያህል ቀድሞ በኦክቶበር 1963 የበረረው ሊርጄት 23 የተገጠሙለት ሞተሮች ያው ሁለት ሲጄ610 ነበሩ፤ ሲነሣ የነበረው ከፍተኛ ክብደት ግን 5,670 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሀንሳ ጄት በአንድ ዓይነት ሞተር ከተፎካካሪው ከግማሽ በላይ የሚበልጥ ተጨማሪ ሸክም እንዲያነሣ ይጠበቅበት ነበር። እውነቱን ለመናገር የክብደቱ ልዩነት በሙሉ የክንፉ ጥፋት አይደለም፤ ሰፊ ገላ፣ ብዙ መቀመጫና ተጨማሪ ነዳጅ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሊርጄትም በበኩሉ ተሳፋሪውን እንደ ዋሻ በጠበበ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ አውሮፕላን ነበር። ሆኖም ኃይሉ ውሱን የሆነ ሞተር ለያዘ አውሮፕላን እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውድ ነው፤ ግትርነት በብረት ብቻ በሚገዛበት ዘመን ደግሞ ይህን ክንፍ መምረጥ ያንን ውድ ነገር አስቀድሞ ማባከን ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ንጽጽር ነው። በ1963 የበረረውና እርሱም ሲጄ610 ሞተሮችን የያዘው የአሜሪካው ጄት ኮማንደር ክንፉን በገላው ወገብ ላይ አያይዞ አግዳሚውን ከተሳፋሪው ክፍል ጀርባ አሳልፏል። የተጠቀመው ግን ቀጥ ያለ ክንፍ ነው። ያም አውሮፕላን ወደ እስራኤል ተሻግሮ ዌስትዊንድ በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ተመርቷል። ስለዚህ ቮከ የፈለገውን ያልተቆራረጠ ካቢን በሌላ፣ በቀለለና በተለመደ መንገድ ማግኘት ይቻል እንደነበር በዚያው ዘመን የተሠራ ምስክር አለ። ቀጥ ያለው ክንፍ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያጣው ነገር አለ፤ የሀንሳ ጄት 15 ዲግሪም በዚያ በኩል የሚያስገኘው ጥቂት ጥቅም ይኖራል። ለገዢው ግን ያ ጥቂት ጥቅም የክንፉን ክብደት የሚያካክስ ነበር ለማለት ያስቸግረኛል።

አሁን ወደ አያያዙ ልለፍ። ወደ ኋላ ባፈገፈገ ክንፍ ላይ አየሩ ወደ ጫፎቹ የመንሸራተት ባሕርይ ስላለው፣ ፍጥነት ሲቀንስና አፍንጫው ከፍ ሲል መጀመሪያ አየሩ የሚለቀው የክንፉ ጫፍ ነው፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህን አየሩ ክንፉን ለቅቆ የማንሻ ኃይሉ የሚጠፋበትን ሁኔታ ነው። አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድሉት ኤይለሮኖች የሚገኙት ደግሞ በዚያው ጫፍ አካባቢ ስለሆነ፣ አብራሪው በጣም በሚፈልጋቸው ሰዓት ይከዱታል። ወደ ፊት በተቀሰረው ክንፍ ላይ አየሩ ወደ ሥሩ ስለሚንሸራተት ስቶሉ ከሥሩ ይጀምራል፤ ጫፎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ኤይለሮኖቹም ለአብራሪው ይታዘዛሉ። የዚህ ክንፍ ወዳጆች ሁሉ የሚያነሡት ይህን ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣውን ነገር ብዙ ጊዜ አይጠቅሱም። የተቀሰረው ክንፍ ሥር ከጫፎቹ ኋላ ስለሚገኝ፣ ሥሩ የማንሻ ኃይሉን ሲያጣ የአውሮፕላኑ ኋለኛ ክፍል ይወርዳል፤ አፍንጫው ይብሱን ከፍ ይላል። አፍንጫ ዝቅ ማለት በሚገባው ሰዓት ከፍ ማለቱ ስቶሉን ያባብሰዋል።

በዚህ ላይ የሀንሳ ጄት አግድም ጭራ በአናት ላይ የተቀመጠ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ከፍ ሲያደርግ ከክንፉና ከሞተሮቹ የሚወጣው የተረበሸ አየር ጭራውን ይሸፍነዋል፤ ጭራው ደግሞ በዚያ አየር ውስጥ አፍንጫውን መልሶ የማውረድ ኃይል ያጣል። ጥልቅ ስቶል የሚባለው ይህ አደጋ በ1963 የብሪታንያውን ቢኤሲ 111 የሙከራ አውሮፕላን ከነሠራተኞቹ አጥፍቶ ነበር። የሀንሳ ጄት የመጀመሪያ ናሙናም በሜይ 1965 በስፔን በሙከራ ላይ ሳለ በጥልቅ ስቶል ተከስክሶ የሙከራ አብራሪ ሕይወቱን አጥቷል። አንድ ዕቃ ሲገመገም ይህን መሰል ነገር በግርጌ የሚጻፍ ዝርዝር ሊሆን አይገባውም። የአናት ጭራ በዚያ ዘመን የብዙ አውሮፕላኖች የጋራ ጣጣ እንደነበር ባውቅም፣ ከሥሩ ስቶል ከሚጀምር ክንፍ ጋር ማጣመሩ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ምርጫ እንደነበር ይሰማኛል።

የጎን መረጋጋትም ዋጋ አለው፤ እዚህ ላይ ግን አልቆይም። ወደ ኋላ ያፈገፈገ ክንፍ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ራሱን ወደ ቀጥታ የመመለስ ዝንባሌ አለው፤ የተቀሰረው ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ነዳፊው ጉድለቱን የክንፉን ጫፎች ወደ ላይ በማንሣትና ቀጥ ያለውን ጭራ በማሳደግ መሸፈን ይኖርበታል።

ሀንሳ ጄት በብረት የተጋፈጠውን ችግር በሌላ መንገድ የፈታው ግሩማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው የሙከራ ጄት ኤክስ-29 ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ይህ ግምገማ ሚዛናዊ አይሆንም። የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን የነበረው ኖሪስ ክሮን በ1970ዎቹ ያሳየው ነገር መሠረታዊ ነበር። የካርቦን ቃጫ ከብረት የሚለየው በአንድ አቅጣጫ ጠንካራ፣ በሌላው ግን ለመታጠፍ የዋህ መሆኑ ነው። ቃጫዎቹ በክንፉ ቆዳ ላይ በትክክለኛው ማዕዘን ከተነጠፉ፣ ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ ፊተኛው ጠርዝ ወደ ላይ እንዳይጠማዘዝ ሽፋኑ ራሱ ይቃወማል። ክንፉ የሚጠነክረው በተጨመረበት ክብደት ሳይሆን በቃጫው አነጣጠፍ ነው ማለት ነው። ኤክስ-29 ይህን ዘዴ ተጠቅሞ ክንፉን በ33 ዲግሪ ቀስሯል፤ ይህም ከሀንሳ ጄት እጥፍ በላይ ነው። የገላው ፊተኛ ክፍል ከኤፍ-5 ተዋጊ፣ ጎማዎቹም ከኤፍ-16 የተወሰዱ ነበሩ። ዲሴምበር 14 ቀን 1984 በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ በረረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በዲሴምበር 1985 በአግድም በረራ ከድምፅ ፍጥነት ያለፈ የመጀመሪያው ወደ ፊት የተቀሰረ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ሆነ። ክንፉ አልተሰበረም፤ ቃጫው የተባለለትን ሠርቷል።

ይሁን እንጂ አንዱ ዕዳ ሲከፈል ሌላው ቀርቦ ነበር። ኤክስ-29 ከክንፉ ፊት ሌላ ትንሽ ክንፍ ነበረው፤ አጠቃላይ አሠራሩም ሆን ተብሎ ያልተረጋጋ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በሴኮንድ 40 ጊዜ መሪዎቹን ባያስተካክሉ ኖሮ አብራሪው አውሮፕላኑን ሊይዘው አይችልም፤ ለዚህም ሦስት ዲጂታል ኮምፒውተሮችና ሦስት አናሎግ መጠባበቂያዎች ተገጥመውለታል። እስከ 45 ዲግሪ ማዕዘን አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ለአብራሪው መታዘዙ የተቀሰረው ክንፍ ወዳጆች ያሉትን በተግባር ያስመሰከረ ነው። በሌላ በኩል፣ አስቀድሞ በጥናት ተስፋ የተደረገበትን ያህል የአየር መጎተትን እንዳልቀነሰ ናሳ ራሱ ገልጿል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። መዋቅሩ ተቻለ፤ ፍጥነትና ነዳጅ በሚቆጥብበት በኩል ግን የተጠበቀው ሙሉ በሙሉ አልመጣም። በ1997 የበረረው የሩሲያው ሱ-47ም በተመሳሳይ ጎዳና ሄዶ አንድ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ተከታይ የሆነው ተዋጊም ወደ ኋላ ወዳፈገፈገ ክንፍ ተመለሰ።

እንግዳ ቅርጽ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ1979 መጨረሻ የበረረው የናሳ ኤዲ-1 አንድ ወጥ ክንፉን በምሰሶ ላይ እያዞረ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ አጋድሎታል፤ አንዱ ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ማለት ነው። በዝግታ የሚበር ርካሽ አውሮፕላን ስለነበር ጥያቄውን በትንሽ ወጪ ጠይቆ መልሱን ይዞ ተመልሷል። ሀንሳ ጄትን ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ጥያቄውን ከመጠየቅ አልፎ መልሱን ለደንበኛ ለመሸጥ መሞከሩ ነው፤ ስለዚህም የሚመዘንበት ሚዛን የከበደ ነው።

ቅርጹ ያለ ጸጸት የሚያገለግልበት ቦታ ሞተር በሌላቸው ባለ ሁለት መቀመጫ ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ላይ ነው። የጀርመኑ ሽላይኸር ኤኤስኬ 13 እና የቼኩ ብላኒክ ኤል-13 ክንፎቻቸውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ቀስረዋል፤ ምክንያቱም አሠልጣኙ የሚቀመጠው ከክብደቱ ማዕከል አጠገብ ስለሆነ፣ የክንፉ ሥር ከእርሱ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ፍጥነታቸው ዝቅተኛ፣ ማዕዘኑም ትንሽ ስለሆነ የክንፉ መጠማዘዝ አያስፈራም። ልብ ላለው ሰው ይህ የሃንስ ቮከ ሐሳብ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ማስቀደም ነው። ልዩነቱ እዚህ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር መመጣጠኑ ነው።

ሀንሳ ጄት በ1960ዎቹ ለግዢ ሲቀርብ ምን እመክር ነበር? ብዙ ሰው ይዞ፣ መካከለኛ ርቀት ተጉዞ፣ በበረራው ላይ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ለሚፈልግ ድርጅት ካቢኑ በእርግጥ የሚመሰገን ነበር። በፍጥነት ከፍ ብሎ በጥቂት ነዳጅ ሩቅ መድረስ ለሚፈልግ ግን ሊርጄትን ወይም ጄት ኮማንደርን እንዲመለከት እነግረው ነበር፤ ገበያውም የፈረደው በዚሁ መንገድ ነው። ከተሠሩት 47 አውሮፕላኖች መካከል ረጅም አገልግሎት ከሰጡት አንዳንዶቹ በጀርመን አየር ኃይል እጅ የነበሩት ናቸው። ከፊሎቹ ባለሥልጣናትን ያመላለሱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ለኤሌክትሮኒክ ውጊያ ሥልጠና የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን ተሸክመው እስከ 1990ዎቹ በረዋል። ያ ለመንገደኛ ምቾት ሲባል ከአግዳሚ ብረት ነጻ የተደረገው ረጅም ክፍል፣ ለሬዲዮና ለራዳር ማወኪያ ሣጥኖች መደርደሪያ እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።